ያልደረሱት የደም ውጤቶች

ከባሕር ዳር አሰላ ተመድቤ አንድ ሆስፒታል የኮምፒውተር ባለሙያ ሆኜ ስገባ፣ በሊኑክስ የሚሠራ አንድ አሮጌ ሰርቨር፣ የሆስፒታሉን ዋና ኮምፒውተር፣ ተረከብኩ። በውስጡ ከጀርባ ሆኖ የሚሠራ ትንሽ ፕሮግራም አለ። ሥራው የላቦራቶሪ ውጤት ከመመርመሪያ ማሽኖቹ ተቀብሎ ወደ ሐኪሞቹ ኮምፒውተር ማድረስ ነው። የሠራው ሰው የተወልን መመሪያ ግማሽ ገጽ አይሞላም፤ እንዴት እንደሚነሣና እንዴት እንደሚቆም ብቻ ይናገራል።

ክረምቱ ሲገባ ውጤት መጥፋት ጀመረ። ሁሉም ቢጠፋ ይሻለኝ ነበር። የአንዱ ይደርሳል፣ የሌላው ይቀራል። ፕሮግራሙን ስፈትሸው እየሠራ ነው ይለኛል፤ የሥራ መዝገቡን ስከፍት ከላይ እስከ ታች «ደህና» ከሚል በቀር ምንም የለም። አጥፍቼ አስነሣዋለሁ፣ ይሠራል፣ ቢሮዬ ሳልደርስ ስልኬ ይጠራል። የሠራውን ሰው ፈልጌ አዲስ አበባ ደወልኩለት። ሪስታርት አድርገው አለኝ። አድርጌዋለሁ ስለው፣ እንደገና አድርገው አለኝ።

አንድ ቀን የተመላላሽ ክፍል ነርሷ አስጠራችኝ። የአሰላ ልጅ ናት። አጠገቧ ከጎበሳ የመጡ ሽማግሌ እጅጌያቸውን ሰብስበው ተቀምጠዋል፤ ውጤታቸው ስላልደረሰ እንደገና ደም ሊሰጡ ነው። በኦሮምኛ ዝግ ብለው የሆነ ነገር ተናገሩ።

«የመጀመሪያውን ደሜን የት አደረጋችሁት? ነው የሚሉት» አለችኝ።

«ይቅርታ አባቴ» ብዬ ወጣሁ። ያን ቀን ውጤታቸው በእጅ ተጽፎ ተሰጣቸው።

በማግሥቱ ጠዋት ላቦራቶሪው ውስጥ ገብቼ ቁጭ አልኩ። የደም ቆጠራው ማሽን የላካቸው የመጀመሪያዎቹ ውጤቶች ደረሱ። ከጎኑ ያለው የኩላሊትና የጉበት መመርመሪያ ሥራ ሲጀምር ግን ከዚያ ወዲያ የደም ቆጠራው አንድም አልደረሰም። ሁለቱን ስክሪኖች አየሁ። አንዱ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ይላል፣ የደም ቆጠራው ሦስት ሰዓት ከሩብ።

የላቦራቶሪውን ኃላፊ ጠየቅኩት። መብራት ሄዶ ሲመጣ የማሽኑ ሰዓት ተዛብቶ ስላገኘው፣ የእጅ ሰዓቱን አይቶ እንደሞላው ነገረኝ።

«ታዲያ አሁን ሦስት ሰዓት ከሩብ አይደለም እንዴ?» አለኝ።

ነው፤ በእኛ አቆጣጠር። ነገሩ ያኔ ገባኝ። ፕሮግራሙ ከየትኛውም ማሽን ይምጣ የመጨረሻውን ውጤት ሰዓት ይይዛል፤ ከዚያ ቀደም ያለ ሰዓት ይዞ የመጣውን የቆየ ነው ብሎ ትንፍሽ ሳይል ይጥለዋል። የማሽኑን ሰዓት በፈረንጅ አቆጣጠር ሞላነው፤ ውጤቶቹ ወዲያው መድረስ ጀመሩ።

አዲስ አበባ ደወልኩ። ሰውየው አዎ፣ እንደዚያ ነው የሠራሁት አለ። ታዲያ ለምን መመሪያው ላይ አልጻፍክም ስለው፣ «ግልጽ መስሎኝ ነበር» አለኝ። ደህና ዋል ሳልለው ዘጋሁት።

ነርሷ ከልቧ አመሰገነችኝ። እኔ ግን ንዴቴ አልበረደልኝም። በዚያ ክረምት በከንቱ ሁለቴ የተወጋው ሰው ስንት እንደሆነ የሚያውቅ የለም።