ውሻው ሁዳዴ የጾመበት ዓመት

አዛውንቱ ጣሊያናዊ ሲያርፉ ልጆቻቸው ቤቱን ወረሱ፤ እኔ ውሻውን ወረስኩ። ለዓመታት ያጠብኳቸው፣ ያጎረስኳቸው፣ በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋሁ ፀሐይ ያሞቅኳቸው እኔ ነበርኩ። ልጆቹ ከቀብር መልስ ሳሎን ተቀምጠው የግድግዳውን ሰዓት ማን ይውሰድ እያሉ ሲነታረኩ፣ ውሻው መጥቶ እግሬ ሥር ተኛ። ትልቋ ልጅ አየችንና «አሎራ፣ እንግዲህ እሱስ መርጧል» አለች። እንባዋ ወዲያው ደረቀ። እንዲህ ያለ ፈጣን የውርስ ክፍፍል አይቼ አላውቅም።

ቡናማ፣ ጆሮው የተንጠለጠለ፣ ዕድሜው የገፋ ውሻ ነው። ሮም ውስጥ አንዲት ጥቁር ሴት፣ ውሻ እየመራች ከሄደች «የማን ነው?» ተብላ ትጠየቃለች። «የኔ ነው» ስላቸው ፈገግ ይላሉ፤ «አይ፣ ባለቤቱን ማለቴ ነው» ይላሉ። ይህ ሲደጋገምብኝ መልሴን ቀየርኩ። «እሱ የኔ ሳይሆን እኔ የሱ ነኝ» እላቸው ጀመር። ይኼ ቶሎ ይገባቸዋል፤ እንዲያውም አመስግነውኝ ያልፋሉ።

እናቴ ከአዲስ አበባ የመጣችው በዚያው ዓመት ነው። ቲቡርቲና ጣቢያ አጠገብ ያለውን ቤቴን ስከፍትላት መጀመሪያ ያየችው እሱን ነበር። «ውሻ ቤት ውስጥ?» አለች። ቀና ስትል ያለበትን አስተዋለች። «ውሻ ሶፋ ላይ?» አለች። ፓስፖርት እንዳለው ስነግራት ደግሞ ሻንጣዋን አስቀምጣ ተቀመጠች። እሷ ቪዛ ለማግኘት ስንት ደጅ ጠንታለች፤ ከመጣችም በኋላ የመኖሪያ ፈቃዷ፣ ፔርሜሶዋ፣ እስኪደርስ ሪቼቩታ የሚሏትን ብጣሽ የደረሰኝ ወረቀት ይዛ ነበር የምትዞረው። የሱ ግን ሽፋኑ ሰማያዊ፣ ፎቶ መለጠፊያ ሳይቀር ያለው ደብተር ነው። «እንግዲህ የቤቱ ጌታ እሳቸው ናቸው» አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ በአሽሙር አንቱ ትለው ጀመረች። «ዞር ይበሉ እንጂ ጌታው፣ ልጥረግበት» ትለዋለች። የውሻ ፀጉር የነካው ነጠላ ለብሼ ቤተ ክርስቲያን አልሳለምም ብላም ነጠላዋን ሻንጣ ውስጥ ቆልፋ ታስቀምጥ ነበር።

ግን ሰው ያለ ወሬ አይኖርም። እኔ ሥራ ውዬ እመጣለሁ፤ ጎረቤቶቹ ቦንጆርኖ ብለው አሳንሰር ውስጥ ይጠፋሉ። ቀስ በቀስ ደረጃው ላይ ሆኜ ድምጿን እሰማ ጀመር። የሰፈራችንን ሰው ታሪክ ለውሻ ትተርክለት ነበር፤ ማን ማንን እንዳገባ፣ ማን በማን ተንኮል ግቢውን እንዳጣ። እሱም እንደ ጥሩ ለቀስተኛ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ያዳምጣል። እኔ ስገባ ሁለቱም ዝም ይላሉ።

በዚህ መሀል ታመመ። አንድ ጠዋት አልነሳም አለ፤ ከንፈሩን ገልጬ ሳየው ድዱ ነጭ ወረቀት መስሏል። የእንስሳት ሐኪሟ ወጣት ናት። ውሻውን እንደ ሕፃን፣ እናቴን እንደ ደንቆሮ ነው የምታናግረው፤ ለሱ ድምጿን ታቀጥናለች፣ ለእሷ ትጮኻለች። የደም በሽታ ነው አለችን። ሰውነቱን ከበሽታ ሊጠብቅ የሚገባው ኃይል ተሳስቶ የራሱን ቀይ የደም ሴሎች እየፈጀ ነው። ለእናቴ እንዲቀልላት «የገዛ ወታደሮቹ የገዛ ሕዝቡን እየጨረሱ ነው» ብዬ ተረጎምኩላት። እናቴ ሐኪሟን በሐዘኔታ አየቻት።

«ይህን ለማወቅ ነው እንዴ ይህን ሁሉ ዓመት የተማረችው?» አለችኝ። «አገራችን እኮ ነው።»

ኮርቲዞን ታዘዘለትና ዳነ። መዳኑ ግን የራሱ ጣጣ ነበረው። ይህን መድኃኒት የሚወስድ ውሻ ጥጋብ አያውቅም፤ የወንበሩን እግር ያልበላው ጥርሱ ስላረጀ ብቻ ይመስለኛል። ይህ ሁሉን ዋጭ ፍጡር ታዲያ ክኒኑን ብቻ ከምግብ መሀል ለይቶ፣ ልሶ፣ አጥቦ መሬት ላይ ያስቀምጥልኛል። በመጨረሻ የተሸነፈው ሞርታዴላ በሚባል የአሳማ ቋሊማ ነው። በሞርታዴላ ከተጠቀለለ ሚስማርም ይውጥ ነበር።

ቆይቶ ሌላ ሥራ አገኘሁ፤ ሌላ አሮጊት፣ በከተማው ሌላ ጫፍ። ጎህ ሳይቀድ ስለምወጣ ክኒኑ የእናቴ ኃላፊነት ሆነ። ከምግብ ጋር መሰጠት እንዳለበት ነገርኳት። «እንዳትረሺ ብቻ» ስላት ተቆጣች። «ይህን ሁሉ ልጅ ያሳደግኩ ሴት፣ አንድ ውሻ ያቅተኛል?» አለችኝ። አላቃታትም። ማታ ስጠይቃት «ዋጠ» ትለኛለች፤ እውነትም ይውጥ ነበር። እኔን ያስለመነኝ ውሻ እንዴት ለእሷ እንደተገራ ሳስብ እንዲያውም ቅናት ቢጤ ይሰማኝ ነበር።

ሁዳዴ ገባ። እናቴ እንደ ልማዷ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ አፏ ሳይገባ ትውላለች። ኤስኲሊኖ ገበያ በትራም ሄዳ ሽንኩርቷን «ቺፖላ» እያለች፣ ምስሯን፣ ጎመኗን በጣቷ እያሳየች ትገዛለች፤ ነጋዴዎቹ የቤንጋል ሰዎች ናቸው፣ እሷም እነሱም በማይችሉት ጣሊያንኛ ይከራከራሉ። ጾሙ ሲጋመስ የውሻው ሽንት እንደ ወፍራም ሻይ ጠቆረ። ከንፈሩን ገልጬ ሳየው ድዱ እንደገና ነጥቷል። ያንን ሁሉ አልፈን ዳነ ብዬ ነበር።

«አገርሽቶበታል» አለች ሐኪሟ። ከዚያ እንደ ፖሊስ ትጠይቀኝ ጀመር። ክትባት ወስዷል? የምግብ ለውጥ አለ? ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት በልቷል? ለውሻ ደም መርዝ ነው አለች። ሳቅኩባት። «ዶቶሬሳ፣ ይህ ውሻ ከእናንተ ከምገዛለት ደረቅ ምግብ ሌላ አያውቅም» አልኳት በኩራት። ለእናቴም ጥያቄውን ተረጎምኩላት።

«ሽንኩርት? ለውሻ ሽንኩርት የሚሰጥ ምን ዓይነት ሰው ነው?» አለች። ከልቧ ተቀይማ ነበር።

ክኒኑ ተጨመረለት። እናቴም ትጋቷን ጨመረች። እሱ ግን ከቀን ወደ ቀን እየባሰበት ሄደ፤ እስከ በሩ ሄዶ መመለስ ያደክመው ጀመር። ሐኪሟ በስልክ ግራ እንደገባት ትነግረኛለች፤ እኔም ግራ ለመጋባት ማን ይከፈለዋል እያልኩ በሆዴ እሰድባታለሁ።

አንድ ቀን የማስታምማት ሴትዮ ልጇ ጋ ስለሄደች በጊዜ ወደ ቤት ተመለስኩ። ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። እናቴ ወጥ ቤት ገበታዋ ላይ ናት፤ እሱ ጉልበቷ ሥር ተቀምጧል። የሱ ሳህን ባዶ ነበር፤ ደረቁ ምግብ በረንዳው ላይ ተበትኖ፣ ከመወፈራቸው የተነሳ መብረር የሰነፉ እርግቦች ይለቅሙታል። እናቴ እንጀራ ቆረሰች፣ ሽሮ አጠቀሰች፣ ክኒኑን መሀሉ ከተተች፣ አሳምራ ጠቀለለች። «እንካ የኔ ልጅ» አለችው። አንቱታው ቀርቷል። አፉን ከፍቶ በክብር ተቀበላት፤ ጥርሱ ጣቷን እንኳ አልነካም። ወዲያው ሌላ ጠቀለለች፤ በዚህኛው ክኒን የለም።

«ሁለተኛው ለምንድን ነው?» አልኳት ከበሩ ላይ።

«አንድ ጉርሻ ያጣላል» አለች ዘወር ሳትል።

«ሞርታዴላውስ?»

«የአሳማ ሥጋ በጣቴ ልንካ? በሁዳዴ?» አለችና ፊቷ በራ። «ና ብዬዋለሁ፣ ከኔ ጋር ይጹም። ደግሞ የዛሬው ቁሌት ማር ሆኗል፤ ቅመሺው።»

ድስቱን አየሁት። ቁሌቱ ከግማሽ በላይ ሽንኩርት ነው፤ ነጭ ሽንኩርቱም ሳይቆጠብ ገብቶበታል። ሐኪሟ ስትጠይቀን ሁለታችንም አልዋሸንም። እኛ ቤት ሽንኩርት የሚባለው ያልተከተፈው ነው፤ ድስት ከገባ በኋላ ስሙ ወጥ ነው። ክኒኑ በተጨመረ ቁጥር ጉርሻው ጨምሯል፤ መድኃኒቱና መርዙ በአንድ እጅ፣ በአንድ ፍቅር ሲገቡለት ከርመዋል። ሐኪሟ ጋ ልወስደው ነው ስላት «እኔም እመጣለሁ» ብላ ነጠላዋን አወጣች። ፀጉሩ ይነካዋል አላለችም፤ አቅፋው ነው የሄደችው።

ሐኪሟ ደም ያስፈልገዋል አለች፤ የሚለግስ ትልቅ ውሻ አለ። ይህን ለእናቴ ነገርኳት።

«ዘሩ ምንድን ነው?» አለች።

«እማዬ፣ የውሻም ዘር መጠየቅ ጀመርሽ?»

«ደሙ ሊገባበት አይደል እንዴ፣ ይጠየቃል» አለች።

ከዚያ ወደ ሐኪሟ ዞሬ በፈጣን ጣሊያንኛ ነገሩን አፈረጥኩት፤ ሽንኩርት ሲበላ እንደከረመ፣ የሰጠሁትም እኔ እንደሆንኩ። ሐኪሟ ጣቷን እያወዛወዘች ትምህርት ሰጠችኝ። በእናንተ ባህል እንስሳት እንደ ቤተሰብ እንደማይታዩ እገነዘባለሁ፣ ግን እዚህ፣ አለችና ብዙ ቀጠለች። ቤተሰብ አድርገነው እኮ ነው የታመመው ልላት ፈልጌ ተውኩት። ደሙን በማይክሮስኮፕ አይታ ስትመለስ በሽታው በርግጥ አገርሽቷል፣ ሽንኩርቱም የራሱን ጥፋት ጨምሮበታል አለች። የትኛው ቀደመ? አይታወቅም አለች።

«ምን አለች?» አለች እናቴ።

«በሽታው ነው። አገርሽቶ ነው አለች።»

«ቺፖላ አላችሁ» አለች። «አንቺም ብለሻል፣ እሷም ብላለች። ገበያ የምሄደው እኮ እኔ ነኝ።»

የወደቀውን የነጠላዋን ጫፍ አነሳሁላት።

«እኔ ሽንኩርት አልሰጠሁትም። ወጥ ነው የሰጠሁት።» ወደ ውሻው ጎንበስ አለች። «ወጥ ውስጥ ያለውም ይቆጠራል?»

«ይቆጠራል እማዬ።»

ውሻው ደም እስኪሰጠው እዚያው ቀረ። በትራም ስንመለስ እናቴ መስኮት መስኮቱን ስታይ ቆየችና፣ «አባትሽን ሐኪሙ ጨው ከልክሎት አልነበር?» አለችኝ።

«አዎ። ለብቻው ትሠሪለት ነበር።»

«እሠራለት ነበር» አለች። «የማጎርሰው ግን ከኔ ሳህን ነበር። ደስ ይለዋል ብዬ። ደስ ይለውም ነበር።»

አባቴ ደም ግፊት ጥሎት ነው የሞተው። እጇን ያዝኩት። ጣቶቿ ሽሮ ሽሮ ይሸቱ ነበር፤ በጣም አዘንኩላት፣ በጣምም ተናደድኩባት፣ ሁለቱም በአንድ ጊዜ።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ አንዲት የአገሬ ልጅ ወሬው ደርሷት ኖሮ «አገር ቤት ሰው ደም አጥቶ ይሞታል፣ አንቺ ለውሻ ታስለግሻለሽ» አለችኝ። እውነቷን ነው። የቆመችበትን ውድ ጫማ አይቼ እኔም አንድ እውነት ልናገር ስል ቅዳሴው ገባና ሁለታችንም ተረፍን።

ውሻው ዳነ። ፋሲካ ሳይደርስ ቤቱ ገባ፤ ድዱ ቀላ፣ ረሃቡም ተመለሰ። አሁን ክኒኑን የምሰጠው እኔ ነኝ፤ ልብስ ለብሼ፣ ሞርታዴላ ይዤ፣ ጎህ ሳይቀድ። እናቴ እንደ ድሮው ወሬዋን ታወራለታለች፣ ታቅፈዋለች፣ ጆሮውን ታክለታለች። ገበታ ሲቀርብ ግን ወጥ ቤት ገብታ በሩን ትዘጋለች። ዓይኑን እያየሁ መብላት አልችልም ትላለች። ብቻዋንም መብላት ስለማትችል እኔ አብሬያት እቀመጣለሁ። አንድ ጉርሻ ታጎርሰኛለች፣ ሁለተኛውን ታስከትላለች፤ እሱ ውጭ በሩን ይቧጥጣል። ሲቧጥጥ ማኘኳን ታቆማለች።

«ሄደ?» ትለኛለች በሹክሹክታ።

እኔ ከበሩ ፊት ለፊት ነኝ፤ ከሥሩ ጥፍሮቹ ይታዩኛል።

«ሄዷል» እላታለሁ። ያኔ ትውጣለች።