የዳሳሹ እጆች

ሠራተኞቹ «ዳሳሹ» ያሉት በክፋት ነው፤ እሱም ስሙን በክፋት ተቀበለው። የጉድጓድ ቆፋሪዎቹን ፒካፕ መንዳት ከጀመረ አንስቶ ድንጋያማ መሻገሪያ በደረሰ ቁጥር ሞተር አጥፍቶ ይወርዳል። መንገዱን በእግሩ ረግጦ፣ የላላውን ድንጋይ በጫማው ገፍቶ፣ የጉድባውን ጥልቀት በዱላ ለክቶ ነው የሚመለሰው። ከኋላ ቧንቧ ላይ ተቀምጠው ፀሐይ የሚጠብሳቸው ሰዎች፣ «መኪና ተሰጥቶት በእግሩ የሚሄድ እሱን አየን» እያሉ ያላግጡበታል። የሌሎች ሾፌሮች መኪኖች የመሪያቸው ዘንግ ጠምሞ፣ ክብደት የሚሸከመው ባሌስትራቸው ተሰብሮ እየተጎተቱ ጋራዥ ሲገቡ ግን ቆሞ ያያል፤ ያኔ ፊቱ ላይ የሚነበበው እርካታ ከስድብ ይብሳል። ሰው የሚወደውን ነገር ሲጠብቅ ኖሮ ኖሮ፣ መጨረሻ ላይ እንደ እሱ ያልጠበቁትን ሰዎች ሁሉ ለመናቅ ፈቃድ የተሰጠው ይመስለዋል።

ከናቃቸው መካከል አንዱ ግን ንቀቱን ውጦ የሚቀር አልነበረም፤ የእህቱ ባል። ድሮ እህቱ ባሌን መንዳት አስተምርልኝ ብላ ለምናው ነበር። አስተማረው። ነገር ግን ሰውየው አውራ ጣቱን መሪው ውስጥ ባስገባ ቁጥር፣ ሚስቱ እያየች፣ ዳሳሹ በመፍቻ እጀታ ጣቱን ይመታው ነበር። ጎማ ድንጋይ ሲመታ መሪው በድንገት ዞሮ አውራ ጣት እንደሚሰብር በአፍ መንገር ይቻል ነበር፤ አልነገረውም። ተማሪው ትምህርቱን ትቶ ቂሙን ይዞ ሄደ። ከዓመታት በኋላ የቁፋሮው ፎርማን ሆኖ ተመለሰ፤ በተመለሰበት ቀን ዳሳሹን «ጋሼ» ማለቱን አቆመ።

አንድ ቀን ፓምፕ ጭነው አንድ የደረቀ ወንዝ ደረሱ። ጎርፍ አልፎበት ድንጋዩ ተገላብጧል። ዳሳሹ እንደ ልማዱ ቁልፉን ትቶ ወረደ፤ እየረገጠ ማዶ ደርሶ ዞር ሲል፣ መሪውን ይዞ የተቀመጠው ፎርማኑ ነው።

«ዛሬ እኔ ነኝ የማሻግራት» አለ ፎርማኑ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ። «ካሻገርኳት፣ አንተ ከነገ ጀምሮ መጋዘን በር ላይ ቁጭ ትላለህ።»

«ከሰበርካትስ?»

«ከሰበርኳት በመሪዋ እርጅ። አፌን አልከፍትብህም።»

ቧንቧው ላይ የተቀመጡትን ምስክር አደረጋቸው። እነሱም ሁለቱንም ስለማይወዱ ነገሩን ወደዱት።

በእንዲህ ያለ ቦታ የሚነዳው ሰው የፊት ጎማዎቹን አያያቸውም። ከፊት ቆሞ የሚመራው ሰው እጅ ነው ዓይኑ። ዳሳሹ ጉድባው ውስጥ ጫፉ ብቻ የሚታይ ስለታም ድንጋይ በእግሩ አግኝቷል። ጎማው በላዩ ከወጣ መኪናዋ በሰላም ታልፋለች፤ አጠገቡ ከወረደ ግን ድንጋዩ ከጎማው ጀርባ ያለውን የመሪ ዘንግ ያጥፈዋል። ፎርማኑን ለማሳሳት እጁን አንድ መዳፍ ያህል ወደ ቀኝ ማዘንበል ይበቃ ነበር። ማንም አያውቅበትም። ወንበሩም እስከ መጨረሻው የእሱ ይሆናል።

መኪናዋ አፍንጫዋን ደፍታ ወረደች። ፎርማኑ ደንግጦ ጉድባው ውስጥ ፍሬን ያዘ፤ ክብደቷ ሁሉ የፊት ባሌስትራዎቹ ላይ ሲወድቅ ብረቱ አቃሰተ። ያን ድምፅ ሲሰማ ዳሳሹ ከራሱ ጋር የያዘውን ክርክር ተወ። ሁለት እጆቹን አነሳ። ፍሬን ልቀቅ፣ አለው በእጆቹ። ወደ ግራ ጥቂት። ቁም። አሁን ቀስ፣ አንዱን ጎማ ብቻ ድንጋዩ ላይ። ፎርማኑ ጥርሱን ነክሶ፣ ዓይኑን ከእነዚያ ከሚጠላቸው እጆች ሳይነቅል ታዘዘ። አውራ ጣቶቹ ከመሪው ውጪ ነበሩ። ዳሳሹ አየና ተናደደ፤ ያ ሁሉ ዱላ ለካ ገብቶታል።

ጎማው ድንጋዩ ላይ ወጣ፣ ወረደ፣ መኪናዋም ማዶ ቆመች። ዳሳሹ ማንንም ሳያይ በጀርባው ተንጋልሎ ከሥሯ ገባ፤ ዘንጎቹን አንድ በአንድ በእጁ ዳሰሰ። ቀጥ እንዳሉ ናቸው። የፎርማኑ ጫማ አጠገቡ መጥቶ ቆመ።

«ልታሳስተኝ ትችል ነበር» አለ ፎርማኑ፣ ሠራተኞቹ እንዳይሰሙት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ለምን ሳታደርገው ቀረህ?»

«ላንተ ብዬ መሰለህ እንዴ?» አለው ከመኪናዋ ሥር።

ፎርማኑ ከስድቡ ሁሉ አብልጦ የተጎዳው ያኔ ነበር ብል አልተሳሳትኩም፤ ለብረት የተደረገ ምሕረት በእሱ በኩል አልፎ መሄዱን ነው የሰማው።

«ውጣና ከኋላ ተሳፈር። ነገ መጋዘን ነህ።»

«በእግሬ እመጣለሁ።»

«እሱንማ ለምደኸዋል» አለና በሩን ዘጋው።

ከወንዙ ማዶ ሜዳው ጠጠርና ጉድጓድ ነው። ፎርማኑ ማርሽ ቀያይሮ ከነፈ። ባሌስትራው ሲመታ፣ ቧንቧው ሲንጋጋ፣ መሪው ሲንቀጠቀጥ ዳሳሹ ከአቧራው ኋላ ቆሞ ሁሉንም በየድምፁ ለየው። ሊረግመው አፉን ከፈተ። ግን እርግማኑ መኪናዋን ሳይነካ ወደ ሰውየው የሚደርስበት መንገድ አልነበረም፤ አፉን መልሶ ዘጋውና መራመድ ጀመረ።