ከመሃልም ቅመሽ

የተያዝኩት በሬዲዮ ነው። መገናኛ አጠገብ እሠራበት በነበረው ጋራዥ፣ በምሳ ሰዓት የሸማቂዎቹን ጣቢያ ድምፁን ዝቅ አድርጌ ስሰማ አንድ ሰው ጠቆመብኝ። ማን እንደሆነ ዛሬም አላውቅም። ድሮ ማወቅ እፈልግ ነበር፤ አሁን ግን ልንገርህ የሚል ቢመጣ እንኳ ወሬ የምቀይር ይመስለኛል።

ያሰሩኝ የካ ውስጥ፣ ከእንጦጦ ግርጌ፣ በአንድ የተወረሰ ቪላ ጓሮ ነበር። ክፍሉ የእህል መጋዘን ስለነበር እኛ ያን ያህል ሰዎች ታጭቀንበትም ጤፍ ጤፍ መሽተቱን አልተወም። ከላይ ጡብ የወለቀበት ቀዳዳ አለ። በእሱ የተራራው ባሕር ዛፍ ስለሚታይ በተራ እየቆምን እናያለን።

የክፍላችን አለቃ አንድ አዛውንት ነጋዴ ነበሩ፤ ሀጂ እንላቸዋለን። ልጃቸው ወደ ሸማቂዎቹ ሄዷል ተብለው ነው የታሰሩት። ከየቤቱ የሚገባውን ስንቅ ተቀብለው፣ ጠያቂ ላለውም ለሌለውም እኩል ያካፍላሉ።

በሩን የሚጠብቀው አስር አለቃ ደንብ ነበረው። ስንቅ ያመጣ ሰው እፊቱ ካልቀመሰ ምግቡ አይገባም። ባለቤቴ ያኔ የመጀመሪያ ልጃችንን አርግዛ ምግብ ሲሸታት ያስመልሳት ነበር። አንድ ቀን ድምፁ ከውጭ ተሰማኝ፤ «ከዳር ብቻ አይደለም፣ ከመሃልም ቅመሽ!» ይላታል። ቀመሰች፤ አስመለሳት። አፏን እስክትጠርግ ጠበቀና «እንደገና» አላት። ሰውየውን ከገረፉኝ መርማሪዎች አብልጬ ጠላሁት።

ግንቦት አጋማሽ ላይ ትልቁ ሰው፣ ፕሬዚዳንቱ፣ አገር ጥሎ መውጣቱን ሰማን። ተኩሱ ከቀን ወደ ቀን ቀረበ። በሙሉ ልብ ግን መደሰት አልቻልንም፤ ከተማዋ ከመያዟ በፊት እስረኛው ይረሸናል የሚል ወሬ ገብቶ ነበር። ሰኞ ዕለት ባለቤቴ ከወትሮው ተለቅ ያለ ዳቦ ላከች። ነገ መምጣት እንደማትችል ገባኝ። ሀጂ ግማሹን አካፍለው ግማሹን ለማግስቱ አስቀመጡ።

ማክሰኞ ሲነጋ ከቤተ መንግሥቱ በኩል የታንክ ድምፅ ያጓራ ጀመር። ከጣሪያው አቧራ ይረግፍብናል። ግቢው ውስጥ የሰው ሩጫ፣ ቀጥሎ የጭነት መኪና ሞተር ሰማን፤ መኪናው ከወጣ በኋላ ጭር አለ። በሩን ሰብረን እንውጣ ስንባባል ቁልፉ ተንቀጫቀጨ።

አስር አለቃው ነው። ጠመንጃውን ደግኗል።

«ወደ ግድግዳው!» አለ።

ተጠጋን። አንዱ አቡነ ዘበሰማያት ጀመረ፤ ሀጂ በአረብኛ ያነበንባሉ። እኔ ልጄን ሳላይ ልሞት ነው አልኩ በልቤ። ተኩሱ ግን አልመጣም። ዞር ስል ጠመንጃውን እንደደገነ ወደ ኋላው፣ ወደ ባዶው ግቢ ያያል።

«ሁሉም ሄዱ» አለ። «እስረኛ እንዳይወጣ ብለውኝ፣ እኔን ትተውኝ ሄዱ። ሀጂ፣ ምን ላድርግ ይላሉ?»

እስከዚያ ቀን አንድም ጊዜ ሀጂ ብሏቸው አያውቅም፤ «አንተ ሽማግሌ» ነበር የሚላቸው።

ሀጂ ትክ ብለው አዩት። ልቀቀን፣ አትግደለን ይሉታል ብዬ ስጠብቅ፣ «እህል ቀምሰሃል ልጄ?» አሉት።

«ከትናንት ጀምሮ አልበላሁም።»

«በባዶ ሆድ ምን ምክር አለ!» አሉና ወደ እኔ ዞሩ። «ዳቦው ካንተ ቤት የመጣ ነው። ስጠው።»

እውነቱን ልናገር፤ ከሞት ፍርሃቱ ይልቅ የከበደኝ ይሄ ነው። የባለቤቴ ዳቦ! ሀጂ ዓይናቸውን አልነቀሉልኝም። አንስቼ ዘረጋሁለት። እጁን ሰደደ፤ መልሶ ሰበሰበው። ዳቦውን ያያል፣ እኔን ያያል። በእኔ ቦታ ሆኖ ቢሆን ምን ያደርግ እንደነበር ያሰበ ይመስለኛል።

«ደንቡን ታውቀው የለ» አሉኝ ሀጂ ቀስ ብለው፣ «ቅመስለት።»

ከዳሩ ቆርሼ እያየኝ በላሁ። ቀጥዬ ከመሃሉ ቆረስኩ፤ እሱንም በላሁ። አስር አለቃው አንገቱን ደፋ። ጠመንጃውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ዳቦውን በሁለት እጁ ተቀበለኝ። ቆሞ ሲበላ እንባው ይወርድ ነበር፤ ማንም አላፌዘበትም።

በልቶ ሲጨርስ ቁልፉን ለሀጂ ሰጠ። ሀጂ የደንብ ልብሱን አስወልቀው ኮታቸውን አለበሱት። በጓሮው በር ወጥቶ ወደ ባሕር ዛፉ ሽቅብ ሲሄድ፣ ተራው የእኔ ነበርና፣ በቀዳዳው እስኪጠፋ አየሁት።

ቤት ስደርስ ለባለቤቴ ነገርኳት። ትቆጣለች ብዬ ነበር።

«የኔን ዳቦ?»

«ያንቺን።»

«ቀምሰህ?»

«ከዳርም፣ ከመሃልም።»

ፊቷን ሸፈነች። እያለቀሰች መስሎኝ ስጠጋ ትስቃለች፤ ሆዷን ይዛ ትስቃለች።

ተራራው ላይ ዛሬ ሰው ይዝናናበታል። ያኔ በሆዷ የነበረችው ልጃችን በቀደም ይዛን ወጣች። ቁልቁል እያየሁ የዚያን ቪላ ጣሪያ ፈለግኩ፤ በሕንፃው ብዛት ጠፋኝ። ባለቤቴ የቋጠረችውን ዳቦ ፈታ፣ ከመሃሉ ቆርሳ ቀመሰችና ሰጠችኝ።

«ያ ሰውዬ በዚህ በኩል ነው የወጣው» አልኳት። «አገሩ ገብቶ ይሆን?»

«ይገባል እንጂ» አለችኝ፣ «በልቶ ነው የሄደው።»