ለእኔ ብቻ የተሰማው ማስጠንቀቂያ

ባለፈው ሳምንት አራዳ ባለው ቢሯችን ለአንዲት ወጣት ባልደረባዬ የድሮ ወሬ ሳወራላት ስልኳ ቦርሳዋ ውስጥ ደጋግሞ ጮኸ። ስጨርስ አየት አደረገችውና፣ “ልጄ ታሟል መሰለኝ፤ ከትምህርት ቤት ነው” ብላ ተነሳች።

“ምነው ታዲያ አላቋረጥሽኝም?”

“እየተናገሩ እኮ ነው” አለችኝ።

እኔም በወጣትነቴ ይህንኑ ተናግሬያለሁ።

የሃያ አራት ዓመት ወጣት፣ የመሬት ቅየሳ ሠራተኛ ነበርኩ። ጥቅምት ነው፤ ጤፉ ገና አልታጨደም፣ ሰማዩ ጠርቷል። አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ ፉላችንን በልተን፣ ማሳዎቹን ከላይ ፎቶ ልናነሳ በትንሽ አውሮፕላን ተነሳን። አብራሪው ጋሽ መኮንን ወደ ስልሳ የተጠጉ፣ ወግ የሚወዱ ሰው ነበሩ። ሌላ አውሮፕላን ሲቀርብ በድምፅ የሚያስጠነቅቅ መሣሪያ ነበረን፤ በእሳቸው በኩል ያለው ሽቦ ስለተበላሸ ግን ድምፁ የሚሰማው በእኔ ማዳመጫ ብቻ ነው። “ከተናገረ ንገረኝ” አሉኝ። ከዚህ የቀለለ ሥራ የት ይገኛል?

ማክሰኝት ላይ ስንደርስ ስለ አባታቸው ቀብር ማውራት ጀመሩ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። በዚህ መሃል የመሣሪያው የሴት ድምፅ በእንግሊዝኛ፣ ከፊታችን አውሮፕላን እየመጣ መሆኑን ነገረኝ። እኔ የቄስ ልጅ ነኝ፤ ትልቅ ሰው ሲናገር መሃል መግባት በቤታችን ከስርቆት አይተናነስም ነበር።

“ይቅርታ ጋሼ” አልኩ በቀስታ።

“ቆየኝ፣ ልጨርስልህ።”

ቆየሁ። ድምፁ ደገመ፣ ሰለሰ።

ድንገት ነጭ ክንፍ መስታወቱን ሞላው። ጋሽ መኮንን መሪውን ወደ ፊት ገፉት፤ መሬቱ ወደ እኛ መጣ፤ ያኛው አውሮፕላን በአናታችን ላይ አለፈ። የጎማውን ጭቃ አይቻለሁ።

አዘዞ ተመልሰን አረፍን። ሞተሩ ሲጠፋ፣ “ሰምተህ ነበር?” አሉኝ።

“ሰምቻለሁ።”

“ምነው ታዲያ ዝም አልክ?”

“እየተናገሩ ነበር።”

ሊቆጡኝ ነው ብዬ ስጠብቅ፣ “እኔም እኮ ቆየኝ አልኩህ” ብለው ፊታቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ። በማግስቱ የማዳመጫቸው ሽቦ እስኪጠገን አልበርም አሉ።

አሁን እኔም በእሳቸው ዕድሜ ነኝ። ያን ክንፍ በሕልሜም አላየውም። ሞት እየመጣ መሆኑን በጆሮዬ እየሰማሁ፣ ባለጌ እንዳልባል መፍራቴ ግን ዛሬም ያስደነግጠኛል።