ሦስት ኩንታል ምርቃት

ባሕር ዳር ውስጥ ፀሐይወርቅን በአባቷ ስም የሚጠራት ሰው አልነበረም። «ፀሐይወርቅ ሚዛን» ነበር የምትባለው። በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የጥጥ እስር ስትመዝን ኖራ ዓይኗም እጇም ሚዛን ሆነው ቀርተዋል። ቅዳሜ ገበያ ስትወጣ ዶሮ ሻጮች ፊታቸውን ያዞሩባት ነበር፤ ዶሮዋን ገና አንጠልጥላ ሳትጨርስ «ይቺማ ላባ ብቻ ናት» ብላ ትመልሳለች። ባሏንም የፈታችው «ቃሉ አይመዝንም» ብላ ነው ይባላል። ስትጠየቅ ትስቃለች እንጂ አላልሁም አትልም።

በዓለም ላይ የቀራት ዘመድ ወንድሟ ክንዱ ብቻ ነበር። እናታቸው መራዊ ላይ ስትሞት እሷ አሥራ ስድስት ዓመቷ፣ እሱ ገና አራት ዓመቱ ነበር። አዝላው ባሕር ዳር መጣች። ግሽ አባይ ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይታ፣ መጀመሪያ ሰው ቤት፣ በኋላ ፋብሪካ ሠርታ አስተማረችው፤ ለቁም ነገርም አደረሰችው። ለቁም ነገር ባደረሰችው ማግስት ጦርነቱ ወሰደው። በሚያዝያ 1970 ክንዱ ሰሜን ውስጥ በተከበበ አንድ ጦር ሰፈር ነበር። መንገዱ ከተዘጋ አራት ወር ሆኖት፣ ለሰፈሩ እህል የሚገባው በሰማይ ብቻ ነው። የመጨረሻው ደብዳቤው «ደኅና ነኝ፤ ብቻ ትንሽ ርቦኛል» ይላል። ክንዱ ደግሞ ርቦኛል ብሎ የሚናገር ልጅ አልነበረም። ፀሐይወርቅ ያችን መስመር ካነበበች በኋላ እህል በጉሮሮዋ አልወርድ ብሏት ሰነበተች።

አገሪቱ ያኔ ጦሯ ብዙ፣ አውሮፕላኗ ጥቂት ነበር። ካሉትም ግማሹ መለዋወጫ አጥቶ ቆሟል። ታዲያ አውሮፕላኑ ሲያንስ ወረቀቱ በዛ። የባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ ስንቅ መጫኛ ሲሆን፣ ከአዲስ አበባ ከአንድ የጭነት ቢሮ በአራት ቅጂ የሚሞላ ቅጽ መጣ። ቅጹ ላይ «በሥፍራው ሚዛን አለ? አዎ / የለም» የሚል ጥያቄ ነበረበት። «የለም» ብሎ የሚጽፍ ደፋር አልተገኘም። ስለዚህ የፋብሪካው ትልቁ ባለ መድረክ ሚዛን በመኪና ተጭኖ በውሰት መጣ፤ ጠባዩን የምታውቀው ፀሐይወርቅ ስለሆነች እሷም አብራ በውሰት መጣች።

ነገሩ የሚያስቀው፣ ቅጹ ሚዛን ይኑር አለ እንጂ ይመዘን አላለም። ጆንያ ይቆጠራል፣ በመቶ ኪሎ ይባዛል፣ ይፈረማል፣ ይጫናል። ፀሐይወርቅ ሦስት ቀን ሙሉ ከሚዛኗ አጠገብ ሥራ ፈትታ ተቀመጠች። ጭነቱን የሚያስፈጽመው መቶ አለቃ ገብረ መስቀል፣ ጫማው የሚያብረቀርቅ፣ ጽሕፈቱ የሚያምር ጎልማሳ፣ በሄደ በመጣ ቁጥር «ጓድ ፀሐይወርቅ፣ ሚዛኑ አለ አይደል?» ይላታል። «አለ» ትለዋለች። በዚሁ ይለያያሉ። መቶ አለቃው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ወረቀት ይፈራል እንጂ። በዚያ ዘመን ወረቀት መፍራት ደግሞ ማንንም አያሳፍርም።

በአራተኛው ቀን ጠዋት የመራዊ ስንቅ በጭነት መኪና መጣ። ሃያ አምስት ጆንያ በሶ ነው። ከጆንያዎቹ ላይ አሥር ሴቶች ተቀምጠዋል፤ ከፊት የቀበሌያቸው የሴቶች ማኅበር ሰብሳቢ ወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ ናቸው። የሰፈሩትን ስንቅ አውሮፕላን ሲያነሣው በዓይናቸው ሊያዩ መጡ። አውሮፕላኑም፣ ሁለት ሞተር ያለው አሮጌ ዳኮታ፣ አፉን ከፍቶ ይጠብቃል። የዚያን ቀን መድረሻው ክንዱ ያለበት ሰፈር መሆኑን ፀሐይወርቅ ከቅጹ ላይ አንብባለች።

ኩሊዎቹ የመጀመሪያውን ጆንያ ሲያነሡ አየችና ብድግ አለች። እነዚያ ኩሊዎች ኩንታል እንደ ትራስ የሚያነሡ ናቸው። አሁን ግን ጉልበታቸው ታጠፈ።

«ወዲህ አምጡት» አለች።

ሚዛኑ መቶ አሥራ ሁለት አለ። ሌላ አስመጣች፤ መቶ አሥራ አንድ። ሌላም፤ መቶ አሥራ ሦስት። ፀሐይወርቅ በልቧ ደመረችና ቀጥ ብላ ወደ አብራሪው ሄደች። አብራሪው ሻምበል ቢያዝን ክንፉ ጥላ ሥር ተቀምጦ ዳቦ ይገምጣል።

«ሻምበል፣ ስንት መጫን ይችላሉ?»

«ሃያ አምስት ኩንታል። ማዶ ነዳጅ ስለሌለ የመመለሻዬንም ይዤ ነው የምነሣው። ከዚያ በላይ አንድ ጆንያ አልችልም።»

«ሃያ ስምንት ሊጭኑብዎ ነው።»

ሻምበሉ ዳቦውን አስቀመጠ። የመንደርደሪያውን ጫፍ፣ ከዚያም ማዶ የሚያብለጨልጨውን ጣናን አየ። «እኔ ዋና አልችልም» አለ።

መቶ አለቃ ገብረ መስቀል ሲሰማ ፊቱ ተለዋወጠ። ቴሌፎን ቤት ገብቶ ከአዲስ አበባ ጋር ሦስት ሰዓት ታገለ። ላቡን እየጠረገ ሲወጣ መልሱን በወረቀት ይዞ ነበር፦ «አንድ ኩንታል መቶ ኪሎ ነው። ሚዛኑ ይመርመር።»

«ጥሩ» አለች ፀሐይወርቅ። «መቶ አለቃ፣ ክብደትዎን ያውቁታል?»

«ባለፈው ወር ሐኪም ቤት ስልሳ ሦስት ነበርኩ።»

«ይውጡበት።»

ወጣ። ስልሳ ስድስት። «ሽጉጥዎንና ጫማዎን» አለች። ፈታ፣ አወለቀ፤ ስልሳ ሦስት ሆነ። ኩሊዎቹ ሳቁ፤ አንዷ የመራዊ ሴትም ነጠላዋን አፏ ላይ ጣል አደረገች። የመቶ አለቃው ካልሲ አውራ ጣቱ ላይ የተቀደደ ነበር።

«ሚዛኑ ተመርምሯል» አለች ፀሐይወርቅ።

«እሺ፣ አመንኩሽ» አለ መቶ አለቃው ጫማውን እያጠለቀ። «ግን ሃያ አምስት ኩንታል ተጭኗል ብዬ አስተላልፌአለሁ። ሃያ ሁለት ጆንያ ቢደርስ 'ሦስቱን ማን በላው?' ነው የሚባለው። በዚህ ጊዜ ይህን ጥያቄ ተጠይቆ ቤቱ የተመለሰ ሰው አላውቅም። እንደ ወረቀቱ ይጫን።»

የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል፤ ጣና ውስጥ የፈሰሰ በሶ ግን አይለቀምም። ፀሐይወርቅ ይህን ታውቃለች። ደግሞ አውሮፕላኑ በቆመ ቁጥር ክንዱ ጾሙን እንደሚያድር ታውቃለች። ይሂድ ብትል እህሉም ሻምበሉም ውኃ ውስጥ ሊቀሩ ነው፤ ይቁም ብትል ወንድሟን በገዛ እጇ ልታስርበው ነው። አንድ ጊዜ ዓይኗን ጨፈነች። ፈራች፤ ያን ዕለት በእውነት ፈርታ ነበር። ከዚያ ዓይኗን ገለጠችና ሁልጊዜ ሚዛን ሲያስቸግራት የምታደርገውን አደረገች፤ ወደ ሰፋሪው ሄደች።

«እማማ ወለተ ጊዮርጊስ፣ በምን ሰፈራችሁት?»

«በቁና ነዋ! ሃያ ቁና ለአንድ ኩንታል። በየቁናው ላይ ደግሞ ሁለት እፍኝ ምርቃት ጨመርንበት። የዘማች ስንቅ ልክክ ተደርጎ ይሰፈራል እንዴ? ነውር አይደለም?»

ፀሐይወርቅ የመራዊ ልጅ ናት። ሲሰፍሩ ከላይ ምርቃት መጨመር እንዳለ ከእናቷ ታውቃለች፤ ያለ ምርቃት የሰጠ ሰው በመንደሩ ስሙ አይነሣም። ሁለት እፍኝ ግን ሰምታ አታውቅም። «አንድ አይበቃም ነበር? ሁለት ለምን?»

«አንዱ ለልጃችን ነው» አሉ እሳቸው። «አንዱ እናት ለሌለው።»

ፀሐይወርቅ ወደ ጆንያዎቹ ዞረች። ቀጥሎም እንዲህ አለች፦ «እንግዲህ ምርቃቱን ከየጆንያው እናንሣና ለብቻው እናድርገው። ጆንያው ልክ መቶ ይሆናል፣ ሃያ አምስቱም በቁጥራቸው ይሄዳሉ። ወረቀቱም አይዋሽ፣ አውሮፕላኑም አይውደቅ።»

ሴቶቹ እንደ ንብ መንጋ ተነሡ። ወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ ከሁሉ በላይ ጮኹ፦ «ምርቃት ተሰጥቶ ይነሣል? እኛ ስንቅ ላክን እንጂ እርግማን አልላክንም! ምርቃት ወደ ኋላ አይመለስም፣ ልጄ!»

«አይመለስም» አለች ፀሐይወርቅ። «ተከትሎ ይሄዳል። የአገርነሽ ልጅ ነኝ፤ እናቴን ያውቋታል። ከዚህች ሜዳ አንዲት እፍኝ ወደ መራዊ አትመለስም። እኔ ቃል ገብቻለሁ።»

አሮጊቷ ከላይ እስከ ታች አዩዋት። «የአገርነሽ ልጅ» አሉ ለራሳቸው። ከዚያ ነጠላቸውን አደግድገው ወደ ሴቶቹ ዞሩ፦ «ፍቱ እንግዲህ! ምን ትጎለታላችሁ?»

የጆንያ መርፌ ከፋብሪካው መጣ። ሴቶቹ ጆንያ ይፈታሉ፣ ይቀንሳሉ፤ ፀሐይወርቅ ትመዝናለች፤ ይሰፋሉ። መቶ አለቃው ራሱ እጅጌውን ሰብስቦ ጆንያ ያዘ፤ ሱሪው በበሶ ነጣ። በሰባት ሰዓት ሃያ አምስት ጆንያ፣ እያንዳንዱ መቶ ኪሎ፣ አውሮፕላኑ ሆድ ውስጥ ገባ። ሻምበል ቢያዝን በቀትሩ ሙቀት ተንደረደረ፣ ተንደረደረ፣ አሁንም ተንደረደረ። ሴቶቹ የማርያምን ስም ጠሩ። ጎማው መሬት የለቀቀው ሜዳው ሊያልቅ ሲል ነው፤ ጣና ላይ በታንኳ ዓሣ የሚያጠምዱ ሰዎች ጎንበስ አሉለት።

ሜዳው ላይ ሦስት ኩንታል ምርቃት ቀረ።

«አሁን ይሄ ምንድን ነው?» አለ መቶ አለቃው በጭንቀት። «ወረቀት ላይ የሌለ ነገር ነው። ማን በላው አይባልም፤ ግን ደግሞ መጫንም አይቻልም።»

ሌሎቹ ሴቶች ወደ መራዊ ተመለሱ። ወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ ግን «ሲሄድ ካላየሁ አልሄድም» ብለው ፀሐይወርቅ ቤት አደሩ። በማግስቱ ጠዋት ሦስቱ ጆንያዎች ላይ ቁጭ ብለው ሻምበሉን ጠበቁት።

ሻምበሉ ከአውሮፕላኑ ሲወርድ መጀመሪያ ያደረገው ፀሐይወርቅን ፈልጎ እጇን መጨበጥ ነው። «ትናንት ስነሣ የተረፈኝ ሜዳ ከዚህ እስከዚያ ሼድ አይሞላም» አላት። ሼዱ ሃያ እርምጃ ነበር። ከዚያ ለዚያው ሰፈር የሚሄደውን የቀኑን ጭነት አየ፤ ብርድ ልብስና ፋሻ። «ይሄ ቦታ ይበላል እንጂ አይከብድም። ያንን ሦስት ኩንታል አምጡት።»

«ቅጽ የለውም» አለ መቶ አለቃው።

ፀሐይወርቅ የብርድ ልብሱን ቅጽ ሳበችና የመጨረሻውን መስመር በጣቷ አሳየችው። «ልዩ ልዩ» ይላል።

«እሱ ለሻማ፣ ለጫማ ማሰሪያ ነው!»

«የቱ ላይ ተጽፏል?»

መቶ አለቃው ቅጹን ከላይ እስከ ታች ሦስት ጊዜ አነበበ። ጀርባውንም ገልብጦ አየ። ወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ ከጆንያው ላይ ሆነው «ፈርም እንጂ ልጄ፣ ልጆቹ ይራባሉ» አሉት። ብዕሩን አወጣ፤ በዚያ በሚያምር ጽሕፈቱም «ልዩ ልዩ፦ የመራዊ እናቶች ምርቃት፣ ሦስት ኩንታል፣ ተመዝኗል» ብሎ ጽፎ ፈረመ። ያለ ትእዛዝ የፈረመው የመጀመሪያ ፊርማው ሳይሆን አይቀርም። ከዚያ ወዲያ ሸክም ሁሉ በሚዛን እንዲያልፍ አደረገ፤ ፀሐይወርቅም እስከ ክረምቱ ሥራ ፈትታ አልተቀመጠችም።

ክንዱ የመጣው በጥር 1971 ነው፤ ከበባው ተሰብሮ ፈቃድ ሲሰጠው። ፀሐይወርቅ በር ላይ አቅፋው ስትለቀው «ሃምሳ አንድ» አለችና እንባዋ መጣ። ሲሄድ ስልሳ ስምንት ነበር።

ምሳ በልተው ሲጨርሱ ስለ ሚያዝያው ጠየቀችው። ሃያ አምስቱ ኩንታል ደርሶት እንደሆነ ለማወቅ ዘጠኝ ወር ሙሉ ጓጉታለች።

«ለኛ አልተሰጠንም» አላት። «እኛ ሻለቃችን ተበትኖ በእግር የገባን አርባ ሰዎች ነበርን። የራሽን መዝገቡ ቀደም ብሎ ተዘግቷል። ስማችሁ የለም አሉን። የንብረት ክፍሉ ሰው አልቅሷል፣ ግን የተመዘገበ እህል ለተመዘገበ ሰው ነው አለ። ቅጠል ቀቅለን በላን። በማግስቱ ነው ሦስት ጆንያ የመጣው። ሰውየው ወረቀቱን ቢያየው ልዩ ልዩ ይላል፤ መዝገቡ ላይ ቦታ አጣለት። ኋላ ጠራንና 'መዝገብ የሌለው እህል መጥቷል፤ መዝገብ የሌላችሁ ውሰዱት' አለን። አሥራ አምስት ቀን ኖርሁበት። ከየት እንደ መጣ ግን እስካሁን አላወቅሁም።»

ፀሐይወርቅ ተነሥታ ፊቷን ታጠበች። ቅዳሜ በጠዋት ይዛው በአውቶቡስ መራዊ ወረደች። ወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ ደጃፋቸው ላይ ጌሾ ሲያሰጡ አገኟቸው። ቆማ ሁሉንም ነገረቻቸው፤ መዝገቡን፣ አርባውን ሰው፣ ሦስቱን ጆንያ።

«ያቺ ሁለተኛዋ እፍኝ፣ እማማ» አለች። «እሱ ጋ ደረሰች።»

አሮጊቷ እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠርገው የክንዱን ትከሻ ያዙ። አጥንቱን ዳበስ ዳበስ አደረጉት።

«ታዲያ ለማን ኖሯል የሰፈርነው?» አሉ።