ላልቶ ወይስ ጠብቆ

አንድ ቃል ከያዘኝ አይለቀኝም። ባልደረቦቼ «አንቺ ደግሞ፣ ጥያቄሽ አያልቅ!» እያሉ ይስቁብኛል። ይሳቁ። ቃሊቲ ባለው ትምህርት ቤታችን ረፋዱን ከአራተኛ ክፍል ልጆች ጋር፣ ከሰዓቱን ከአስራ አንደኛ ክፍሎች ጋር እውላለሁ፤ ቅዳሜ ደግሞ እዚያው ግቢ ለሚማሩ ጎልማሶች ጽሑፍ አስተምራለሁ። ስለዚህ አንዱን ዓረፍተ ነገር ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ይዞ መዞር ልማዴ ሆኗል። ያው ቃል ሕፃን አፍ ውስጥና የልጆች አባት አፍ ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚሆን ማየት በጣም ደስ ይለኛል።

ለምሳሌ «እንደሚታወቀው» የሚባለውን ቃል እንውሰድ። አራተኛ ክፍሎች አያውቁትም። «ውሻችን ትናንት የጎረቤት ጫማ በላ» ብለው ዘው ይላሉ። አስራ አንደኛ ክፍል ሲደርሱ ግን ያለ እሱ መጀመር አይችሉም። «እንደሚታወቀው ውሻ የቤት እንስሳ ነው።» ከታወቀማ ምን አደከመህ? ጎልማሶቹ ዘንድ ሲደርስ ደግሞ «ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው» ይሆናል፤ የአንድ ቀን ፈቃድ የምትጠይቅ ሚጢጢ ማመልከቻ እንኳ በሱ ነው የምትጀምረው። ይህ ነገር በየትኛው ክፍል፣ በማን እጅ ልጆቹ ውስጥ እንደሚገባ ለማወቅ ስንት ደብተር አገላብጫለሁ! እስካሁን አልደረስኩበትም።

አንድ ዓርብ ጠዋት ለአራተኛ ክፍሎች «ስለ ትምህርት ቤታችሁ ጻፉ» አልኳቸው። ከመካከላቸው አንዲት ቀጭን፣ ዝምተኛ ልጅ አለች። ወላጆቿ ከወሎ መጥተው ሳሪስ የሚኖሩ ናቸው፤ አባቷ የጭነት መኪና ሹፌር፣ እናቷ የጨርቅ ነጋዴ። የጻፈችው አጭር ነበር፦ «ትምህርት ቤቴን እወዳለሁ። ጓደኞቼን እወዳለሁ። ክፍል ውስጥ ግን አልሰማም።» በቃ፣ ሌላ የለውም።

የክፍሏ ኃላፊ ሳይንስ የሚያስተምራቸው ወጣት መምህር ነው። ወረቀቱን ሳሳየው ፊቱ ጠቆረ።

«እኔም ጠርጥሬ ነበር» አለኝ። «ስጠይቃት አትመልስልኝም። ዝም ብላ ታየኛለች። የታናሽ ወንድሜም ጆሮ እንዲህ ነው የጀመረው፤ ቶሎ ሳናውቅለት ቀረን።»

ልቡ ቅን ነው፤ ነገር ማሳደር አይወድም። እዚያው እናትየዋ ጋ ደወለ። እሷም እየሮጠች መጥታ ልጇን ከምሳ በፊት ይዛ ሄደች። ከሰዓት በኋላ መልሳ ደወለች። አባትየው ከጅቡቲ መንገድ ላይ ሆኖ ቆርጧል፤ ኮምቦልቻ ነርስ የሆነች አክስት አለች፣ ልጅቷ እሷ ጋ ሄዳ ትታከም፣ እዚያው ትማር ብሏል። ስለዚህ ሰኞ ጠዋት መጥታ መሸኛዋን ትወስዳለች። መሸኛ የምንለው ልጅ ከትምህርት ቤት ሲለቅ የምንሰጠውን ወረቀት ነው። እሱ ከተጻፈ በኋላ ልጅቷ የእኛ አይደለችም። ጓደኞቼን እወዳለሁ ያለች ልጅ ሰኞ ጓደኞቿን ትታ ልትሄድ ነው።

እኔም እስከዚያ ድረስ ልክ እንደሱ ነበር ያነበብኩት። የከነከነኝ ግን «ክፍል ውስጥ» ያለችው ነው። ጆሮ ክፍል ውስጥ ብቻ ያምፃል እንዴ? ግቢ ውስጥ ገመድ ስትዘል ጓደኞቿ ሲጠሯት ዞር ትላለች፤ በዓይኔ አይቻለሁ። ደግሞ ጆሮውን የሚያመው ልጅ «ጆሮዬን ያመኛል» ብሎ ነው የሚጽፈው።

ከሰዓት አስራ አንደኛ ክፍል ገባሁና ዓረፍተ ነገሯን ሰሌዳ ላይ ጻፍኩት። የማን እንደሆነ አልተናገርኩም። «ቀጥሎ የሚመጣውን ዓረፍተ ነገር ጻፉልኝ» አልኳቸው።

ከኋላ ወንበር አንዱ «ምክንያቱም ቲቸሩ ይደብራል» ብሎ አነበበና ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አንዷ «የፈለገ ቢጮህብኝ፣ ካልኩ አልኩ ነው» ብላ ጽፋለች። ሌላው «ምክር ሰለቸኝ» ይላል። ወረቀቱን ሁሉ ሰብስቤ አየሁት፤ ስለ ጆሮ ያሰበ አንድም የለም። ለእነሱ «አልሰማም» ማለት እሺ አልልም ማለት ነው። ወይ ጉድ! አንድ መምህር በሽታ ያየበትን ቃል እነሱ ጀግንነት አዩበት። የባሰ ግራ ገባኝ፤ እውነቱን ለመናገር የባሰም ደስ አለኝ። ታዲያ ልጅቷስ ምን ማለቷ ነው?

ቅዳሜ ጎልማሶቹ ጋ ይዤው ሄድኩ። ከመካከላቸው ወረዳ ጽሕፈት ቤት የሚሠሩ አንዲት ሴት አሉ፤ እድሜያቸው ከእኔ ስለሚበልጥ አንቱ ነው የምላቸው። ተነስተው እንዲያነቡልኝ ጠየቅኳቸው። መነጽራቸውን አስተካክለው አነበቡ። ደነገጥኩ።

«እንዴት አድርገው ነው ያነበቡት? በሞቴ ይድገሙልኝ!»

«እንደተጻፈው ነዋ» አሉ ግራ ገብቷቸው፣ ደግመውም አነበቡት። ሰ-ንም መ-ንም አጥብቀው። «የእኛ መሥሪያ ቤት ስብሰባ እኮ ቁርጥ እንደዚህ ነው። እጄን አወጣለሁ፣ እናገራለሁ፣ ቃለ ጉባኤው ሲነበብ እኔ የለሁበትም።»

በስመ አብ! ቃሉ ላልቶ ሲነበብ ጆሮዬ አልሠራ አለ ማለት ነው፤ ወይም እንደ አስራ አንደኛ ክፍሎቹ፣ እሺ አልልም። ጠብቆ ሲነበብ ደግሞ እኔ እናገራለሁ፣ የሚሰማኝ ግን የለም ማለት ነው። ፊደላችን ሁለቱንም በአንድ መልክ ይጽፍና ማጥበቅ ማላላቱን ለአንባቢው ምላስ ይተዋል። በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ ቆሜ «ገና፣ ጠብቆ ሲሆን በዓሉ፤ ላልቶ ሲሆን ያልደረሰ ነገር» እያልኩ ጉሮሮዬ እስኪደርቅ የማስተምረው እኔ ራሴ ነኝ እኮ! ምን ነክቶኝ ነው?

እሁድ ለእናትየዋ ልደውል ስልክ አነሳሁና ተውኩት። ምን ልበላት? በስልክ «ሰ ትጥበቅ ወይስ ትላላ?» ብላት ይቺ መምህርት ለየላት ትለኛለች። ደግሞም እርግጠኛ አልነበርኩም። እውነት ጆሮዋ ታሞ ቢሆንስ? በባዶ ሜዳ ተስፋ ሰጥቼ ሕክምናዋን ባዘገየውስ? ሲጨንቀኝ ዋለ።

ሰኞ በጠዋት መምህራን ክፍል ስገባ ጉዳዩ አልቋል ማለት ይቻላል። መሸኛው ተጽፎ፣ ማኅተም ተመቶበት ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። እናትየዋ የሻሿን ጫፍ እያፍተለተለች ቆማለች፤ ዓይኗ ቀልቷል። ልጅቷ ከጎኗ ነበረች።

«ቆይ፣ እንዳትሰጣት!» አልኩ ገና ከበሩ።

«ደግሞ ምን መጣ?» አለ መምህሩ።

«አነባበቡን አላጣራንም። ጠብቆ ሊሆን ይችላል።»

«አንቺ ደግሞ! ልጅ ታማ ስለ ሰዋስው ታወሪያለሽ?»

ደሜ ፈላ። «መታመሟን ማን ነገረህ? አንተ ነህ ያነበብክላት!»

«ወላሂ ቤት ውስጥ ትሰማለች» አለች እናትየዋ በመሀል። «ጓዳ ሆኜ ብስኩት ስከፍት ከሳሎን ትመጣለች!»

«እናቴ፣ በከፊል ሊሆን ይችላል፤ እኔ ቤቴ ያየሁት ነገር ነው። ቶሎ ካልታየ...» አለ መምህሩ።

«ይታይ እንጂ፣ ማን አይታይ አለ? ግን ለዚህ ከትምህርት ቤት ማስወጣት ምን ይባላል?» አልኩት።

«ያስወጣኋት እኔ ነኝ? አባቷ ናቸው የወሰኑት!»

«አባትየው ምን ያድርጉ፣ የሰሙት ካንተ አይደል!»

ወረቀቷን ከቦርሳዬ አወጣሁና ልጅቷ ፊት አስቀመጥኩት። «በይ የኔ ቆንጆ፣ እንደጻፍሽው አድርገሽ አንብቢልን» አልኳት፤ አልኳትና መልሼ ወደ እሱ ዞርኩ፤ ገና ያልነገርኩት ነበረኛ። ስለ ማጥበቅ አስረዳሁት። እሱ ስለ ወንድሙ አስረዳኝ። እናትየዋም ስለ ኮምቦልቻዋ አክስት ልታስረዳን ጀምራ ነበር፣ መሀል ላይ አቋረጠች።

«ኧረ በአላህ ዝም በሉ!» ብላ ጮኸች። «ልጄ እያወራች ነው!»

ሁላችንም ክው አልን። ልጅቷ ጣቷን ወረቀቱ ላይ እንዳደረገች ቀና ብላ አየችን።

«አንብቤ ጨረስኩ እኮ» አለች። ድምፅዋ ቅጥን ያለች ናት፤ ጎንበስ ካላልክ አትደርስህም።

ጎንበስ አልን። «እስቲ ድገሚልን» አልኳት።

ከመጀመሪያው ጀመረች። ትምህርት ቤቷን ወደደች፣ ጓደኞቿን ወደደች። የመጨረሻው ቃል ላይ ስትደርስ ወረቀቱን ትታ መምህሯን አየችው፤ ሰ-ንም መ-ንም ጥብቅ አድርጋ ተናገረች።

መምህሩ ወንበር ስቦ ከእሷ ቁመት ጋር እኩል ሆኖ ተቀመጠ።

«ዓርብ ጠዋት ስጠይቅሽ ሰምተሽኝ ነበር?» አላት ቀስ ብሎ።

«አዎ። ተክሎች ምግባቸውን በምናቸው ያዘጋጃሉ አሉኝ።»

«ታዲያ ለምን አልመለስሽልኝም?»

«መልሻለሁ» አለች። «በቅጠላቸው አልኩ። ከዚያ እርስዎ ሌላ ልጅ ጠየቁ።»