ራዲዮው «አለ»

ቅጽ ሞልቶ ሰው የገደለ የለም ብዬ አስብ ነበር።

ያኔ ጎንደር ከተማ የቢሮ ሠራተኛ ነበርኩ። ፖሊስ ጣቢያዎች ለሽብር ጥቃት ምን ያህል ዝግጁ እንደሆኑ፣ በቴክኖሎጂስ ምን ያህል እንደሚጠቀሙ ገምግሙ ተብለን ተሰማራን። ለእኔ ከኮሶዬ ወዲያ፣ ገደል አፋፍ ላይ ያለ አንድ ጣቢያ ደረሰኝ። መኪናው ጭቃ ስለያዘው የመጨረሻዋን ዳገት በእግሬ ወጣሁ።

የጣቢያው ኃላፊ ጠና ያሉ ሃምሳ አለቃ ነበሩ። የስልክ ኔትወርክ ከጠፋ መክረሙን ነገሩኝ። የመገናኛ ራዲዮ እንዳላቸው ስጠይቅ ከኪሳቸው ቁልፍ አውጥተው ቁም ሳጥን ከፈቱ። ራዲዮው የታሸገበት ላስቲክ እንኳ አልተቀደደም።

«ምነው አይጠቀሙበትም?»

«ፈርሜ የተረከብኩት የመንግሥት ንብረት ነው፣ ልጄ። ቢሰበር ተጠያቂው እኔ ነኝ። ደግሞስ ባትሪው በምን ይሞላል? መብራት የለንም። ሶላር ይላክላቸው ብለህ ጻፍልኝ። እዚህ ከእኔ ጋር አምስት ፖሊሶች አሉ፤ አንድ ነገር ቢመጣብን በምን እንጣራ?»

እሺ አልኳቸው። ቅጹ ግን «አለ» እና «የለም» ብቻ ነው የሚለው፤ ይሠራል ወይ ብሎ አይጠይቅም። ራዲዮው ደግሞ አለ፤ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ከወረቀቱ ጀርባ ልጽፍ ስል ዝናቡ መጣ፣ ሾፌሩም ከታች ጥሩምባውን ያንጫርር ጀመር። ቢሮ ስገባ እጨምረዋለሁ ብዬ «አለ» ላይ ምልክት አድርጌ ወረድኩ። ቢሮ ስገባ ረሳሁት። ይኸው ነው፤ ሌላ ሰበብ የለኝም። ጣቢያው «ዝግጁ» ከተባሉት ተመደበ፤ አለቃዬም ሸጋ ሥራ ነው አለኝ።

ክረምቱ ሳይወጣ የታጠቁ ሰዎች ጣቢያውን ከበቡት። ሃምሳ አለቃው አንዱን ፖሊስ በጓሮ አሹልከው እርዳታ እንዲጠራ ላኩት። አስፋልቱ ጋ ለመድረስ ሦስት ሰዓት ፈጀበት። የተረፈው እሱ ብቻ ነው።

የሃምሳ አለቃው ቤት አዘዞ ነበር፤ ልቅሶ ሄድኩ። ባለቤታቸው ማን መሆኔን ሲሰሙ እጄን ያዙኝ።

«ስላንተ ነግሮኝ ነበር» አሉ። «ሶላር የሚያመጣልን ልጅ መጥቶ ነበር ብሎ ደስ ብሎት ነበር።»

አንገቴን ደፋሁ።

በሳምንቱ ራዲዮው ቁም ሳጥኑ ውስጥ እንደተቆለፈበት ተገኝቶ ቢሮ መጣ፤ ጭረት እንኳ የለበትም። ንብረት ክፍሉ ቀድሞ ያየሁት እኔ ስለሆንኩ መመለሱን እንዳረጋግጥ ጠራኝ። ላስቲኩ እንደነበረ ነው።

«አለ» የሚለው ላይ ምልክት አድርጌ ፈረምኩ።